ለአኳሪየም ምን ይነጠፍ? ጅማ ላይ ሆኖ አሸዋ፣ ጠጠርና ጌጥ መምረጥ

መስታወት ቤት ሄዳችሁ 60 በ30 በ35 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ አሠርታችኋል እንበል። ሲሊኮኑ ደርቋል። ውሃ ሞልታችሁ ሳያፈስ አድሯል። ቀጣዩ ጥያቄ ታች ምን ይነጠፍ የሚለው ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ስልኩን አንስቶ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ይደውላል። ሰማያዊና ሮዝ የተቀባ ጠጠር፣ አንድ የፕላስቲክ ግንብ፣ ሁለት የፕላስቲክ ሳር በአውቶቡስ ተጭኖ 350 ኪሎ ሜትር ይመጣል።

እኔን ብትጠይቁኝ ጅማ ውስጥ ጥሩው የአኳሪየም ዕቃ መደብር የሰፈራችሁ ብሎኬት ማምረቻ ነው። አሸዋ አለው። ዜሮ ዜሮ ጠጠር አለው። ብዙ ጊዜ ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠርም አይጠፋውም። ለጌጡ ደግሞ ቡና ያለው ዘመድ ይበቃል። ከእነዚህ የትኛው ለማን ይሆናል፣ የትኛውስ ጣጣ ያመጣል የሚለውን ነው ከታች የማወራው።

ከንጣፉ በፊት ዓሣው

ንጣፉን ዓይናችሁ አይምረጥላችሁ፤ ዓሣው ይምረጠው። ጎልድፊሽ ቀኑን ሙሉ ወለሉን ሲቆፍር ነው የሚውለው። አፉን ሞልቶ ይዘግናል፣ የሚበላውን ለቅሞ ሌላውን ይተፋል። ደቃቅ አሸዋ ከሆነ ከፊሉ በስንጥቡ በኩል ይወጣል፤ ምንም አይሆንም። አፉ ውስጥ ልክ የሚገባ ጠጠር ከሆነ ግን ጉሮሮው ላይ ሊሰነቀር ይችላል። ስለዚህ ለጎልድፊሽ ወይ አሸዋ ነው፣ ወይ ጭራሽ አፉ የማይችለው ትልልቅ አለሎ። መካከለኛው መጠን ለሱ አይሆንም።

ኮሪዶራስ የሚባለው ትንሽ ጢማም ዓሣም እንደዚያው ነው። ወለሉን በጢሙ እየዳበሰ ነው ምግብ የሚፈልገው። ሹል ጠጠር ላይ ካኖራችሁት ጢሙ እየተበላ ያልቃል። ጋፒና ሞሊ ከወለሉ ጋር ብዙም ጉዳይ የላቸውም። የፈለጋችሁትን አንጥፉላቸው። ቤታ የሚባለው ዓሣም ውሎው ከላይ ነው። እሱን የሚያሳስበው ጌጡ ነው፤ ቆየት ብለን እንመጣበታለን።

ጅማ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ብዙዎቹ የሞቃት አገር ዓሦች ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ሂተር መግዛት የማያስብ ሰው ጎልድፊሽ ቢይዝ ይሻለዋል። 63 ሊትር ገንዳ ግን ለትንሽ ጎልድፊሽ መነሻ እንጂ መክረሚያ አይሆንም። ሲያድግ ትልቅ ቤት ይፈልጋል።

አሸዋ

የግንባታ አሸዋ ሻጭ የጋምቤላ ነው፣ የወራቤ ነው ይላችኋል። ለዓሣ ስሙ ምንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ጭቃው ምን ያህል ነው የሚለው ነው። መለኪያው ቀላል ነው። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ። ግማሹን አሸዋ፣ ቀሪውን ውሃ አድርጉና ክፉኛ ነቅንቁት። አስቀምጡትና ይደር። ጠዋት ስታዩት አሸዋው ከታች፣ ደለሉ ከላይ ለብቻው መስመር ሠርቶ ታገኙታላችሁ። ለኮንክሪት በአገራችን ደረጃ ደለሉ ከ6 በመቶ ካለፈ ይታጠባል ወይ ይመለሳል። እናንተ ያም ሆነ ይህ ታጥቡታላችሁ። ግን 10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ደለል ካያችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። እሱን አጥቦ መጨረስ ወገብ ይፈጃል።

ስትወስዱ ከክምሩ አናት፣ ሲሚንቶ ከሚቦካበት ርቃችሁ ዝገኑ። ሲሚንቶ የነካው አሸዋ የውሃውን ፒኤች (አሲድ ወይም አልካላይ መሆኑን የሚለካውን ቁጥር) ወደ ላይ ይተኩሰዋል። ዓሣ አይችለውም። አንድ ባልዲ አሸዋ ለመግዛት ሄዳችሁ ሰዎቹ ቢስቁባችሁ አትፈሩ፤ ብዙ ጊዜ በነፃ ነው የሚሰጧችሁ።

አስተጣጠቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በወንፊት ነፍታችሁ ትልልቁን አውጡ። ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር የሆነው ነው የሚፈለገው። እንደ ዱቄት የደቀቀው ይጠቀጠቃል። ከዚያ ሳፋውን አንድ ሦስተኛ ሙሉ። ውሃ በጎማ ልቀቁበት፣ በእጃችሁ ከስር ገልብጡት፣ የደፈረሰውን ድፉ። ደግሞ ሙሉ፣ ደግሞ ድፉ። የሳፋው ውሃ ውስጥ እጃችሁ ጥርት ብሎ ሲታይ በቃ። ሳሙና ግን በፍጹም አይነካውም። ኦሞ ያለበት ሳፋም ቢሆን አስቀድሞ ይለቅለቅ።

የአሸዋ ጥሩ ጎኑ ቆሻሻው ላይ ላይ መቅረቱ ነው። በጎማ ስትስቡ ጫፉን ከአሸዋው ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ስታዞሩት ጥራጊው ብቻ ይነሳል። መጥፎ ጎኑ መታፈኑ ነው። ወፍራም አድርጋችሁ ካነጠፋችሁት ከስር አየር አያገኝም። የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይጠራቀማል። እጽዋት ለሌለው ገንዳ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ አልፎ አልፎ በእንጨት ጫር ጫር አድርጉት። ሌላው ፊልተሩ ነው። ዓሣው ሲቆፍር አሸዋው ይነሳና ሞተሩ ውስጥ ይገባል። መምጠጫውን ከወለሉ ከፍ አድርጉ፣ አፉ ላይ ስፖንጅ አልብሱት።

ጠጠር

ዜሮ ዜሮ የሚባለው ደቃቅ ጠጠር ጥቁር ድንጋይ ተፈጭቶ የሚወጣ ነው። ጥቁር ድንጋይ ውሃ ውስጥ ብዙም አይሟሟም፤ ፒኤቹን አይነካካም። ጥቁሩ ወለል ላይ ደግሞ ዓሣ ያምራል። ብዙ ዓሦች ቆዳቸውን ከወለሉ ጋር ያመሳስላሉ። ነጭ ወለል ላይ ይገረጣሉ፤ ጥቁር ላይ ቀለማቸው ይወጣል። ብርቱካናማ ጋፒ ጥቁር ጠጠር ላይ አይታችሁ ከሆነ ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባችኋል።

ችግሩ ስለቱ ነው። ክሬሸር የፈጨው ስለሆነ ጠርዙ ይቆርጣል። መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ጨብጡት። እናንተን ከወጋ ኮሪዶራስንም ይወጋል። ከላይ ለሚዋኙት ጋፒዎች ግን ጉዳት የለውም። አቧራውም ብዙ ነው፤ እንደ አሸዋው በደንብ ይታጠባል።

የወንዝ ጠጠር ክብ ስለሆነ ከዚህ ይሻላል። ከየት እንደምታመጡት ግን ጠንቀቅ በሉ። አዌቱ ከተማ መሃል የሚያልፍ ወንዝ ነው። ከጋራዡም ከየቤቱም የሚወጣው ፍሳሽ ወደሱ ነው የሚወርደው። ዘይት የጠጣ ድንጋይ አጥቦ ማዳን አይቻልም። ከከተማ ውጭ ካለ ንጹህ ጅረት ይሻላል። ያመጣችሁትን በአንድ እጅ በረኪና ለ19 እጅ ውሃ ሩብ ሰዓት ዘፍዝፋችሁ፣ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ውሃ እየቀየራችሁ አቆዩት። ድስት ውስጥ መቀቀል የሚሉም አሉ። እኔ አልመክርም። ውስጡ ውሃ የቋጠረ ድንጋይ ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል።

ጠጠር ከአሸዋ የሚበልጥበት ነገር አለ። ውሃ በመሃሉ ስለሚያልፍ አይታፈንም። ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎችም ከአናቱ አልፈው ውስጡ ድረስ ይሰፍራሉ። ግን የተረፈ ምግብም በዚያው መሃል ይሰምጣል። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ የጎማውን አፍ ጠጠሩ ውስጥ እየተከላችሁ ካልሳባችሁት ይበሰብሳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይብሳል፤ ፊልተርና የአየር ፓምፕ ሲቆሙ የበሰበሰው ምግብ ያለችውን ኦክስጅን ከዓሣው ጋር ይሻማል። መብራት አሥር ጊዜ በሚሄድበት ሰፈር ለምትኖሩና ጽዳት ለሚታክታችሁ ሰዎች ስስ አሸዋ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሬድ አሽ

ይሄኛው ልብ ይሰርቃል። ቀይ ነው፣ ቀላል ነው፣ ቀዳዳው ብዙ ነው። ለባክቴሪያ የሚመች ቤት ነው፤ የእጽዋት ሥርም ይይዛል። ግን ሻካራ ነው። ቆፋሪ ዓሣ ካላችሁ ለወለል አይሆንም። እኔ የምመርጠው ሌላ ቦታው ነው። በደንብ አጥባችሁ በመረብ ከረጢት አድርጉትና ፊልተሩ ውስጥ ክተቱት። ከውጭ የሚመጣውንና ዋጋው የማይቀመሰውን የሴራሚክ ቀለበት ሥራ ይሠራል። ወለል ላይ ካደረጋችሁት ጋፒና ቤታ ይኑሩበት።

ነጩ ጠጠርና የአቼቶ ፈተና

ቴራዞ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ነጭ የእምነ በረድ ፍርፋሪ አለ። ሲያዩት ያጓጓል። እምነ በረድ ግን ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ቀስ እያለ እየሟሟ ውሃውን ከባድ ያደርጋል፣ ፒኤቹን ከፍ ያደርጋል። የኖራ ድንጋይና የባህር ዛጎልም እንዲሁ ናቸው። ለሞሊ፣ ለጋፒና ከማላዊ ሐይቅ ለሚመጡት ሲክሊዶች ጥሩ ነው። ለቤታና ለቴትራ አይስማማም።

ድንጋዩ ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ አቼቶ አምጡ። ድንጋዩን በምስማር ፋቅ አድርጉና ዱቄቱ ላይ ጥቂት አንጠባጥቡ። አረፋ ከደፈቀ ካርቦኔት አለበት። ጆሯችሁን አስጠግታችሁ አዳምጡ፤ የቤት አቼቶ ደካማ ስለሆነ አረፋው አንዳንዴ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። አሁንም ከተጠራጠራችሁ ድንጋዩን በባልዲ ውሃ ውስጥ ሳምንት አቆዩትና ፒኤቹን በፊት ከነበረው ጋር አስተያዩ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ይሄ ነጭ ጠጠር ባለውለታ ይሆናል። ጅማ ዝናብ የማይጠፋባት ከተማ ናት፤ ከጣሪያ ውሃ የሚያጠራቅም ቤትም አለ። የዝናብ ውሃ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። እሱን ብቻ ገንዳ ውስጥ ከሞላችሁ ፒኤቹ የሚደግፈው አጥቶ ባንድ ጊዜ ሊወርድ ይችላል። ያኔ አንድ እፍኝ የእምነ በረድ ፍርፋሪ በከረጢት ፊልተሩ ውስጥ ማስገባት ውሃውን ያረጋጋዋል። ቆርቆሮው አዲስ ከሆነ ግን ውሃውን ተዉት። ዚንክ ይዞ ይወርዳል፤ ዚንክ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው፣ በተለይ ካልሲየም በሌለው ውሃ።

በከረጢት የሚመጣው

የተቀባው ባለቀለም ጠጠር ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ቀለሙ ግን አንዳንዱ ይላጣል። ጥቂቱን በሞቀ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ለሁለት ቀን አስቀምጡት። ውሃው ከቀለመ መልሱት። ልጆች የሚወዱት የብርጭቆ ብይም እንዲሁ በንጣፍነት ይሸጣል። አይሟሟም፣ አይመርዝም። ግን በመሃሉ ምግብ ይወድቅና ዓሣው አይደርስበትም፣ እናንተም አትደርሱበትም።

ለእጽዋት ተብሎ የሚሸጠው እንክብል አፈር ለየት ያለ ነው። ምግብ አለው፣ ውሃውን ያለሰልሳል፣ ፒኤቹን ዝቅ ያደርጋል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አሞኒያ ሊለቅ ስለሚችል ዓሣ ቶሎ አይገባበትም። አይታጠብም፤ ካጠባችሁት ጭቃ ይሆናል። ገንዳውን ጫካ ማድረግ ለሚፈልግ ሰው ገንዘቡ አያስቆጭም። ለሁለት ጎልድፊሽ ብላችሁ ከገዛችሁት ግን በሳምንት ውስጥ አፍርሰው ያቦኩታል።

የጓሮ ቀይ አፈርስ? አሸዋ ከላይ አልብሰው የሚጠቀሙበት አሉ። የኛ አካባቢ ቀይ አፈር ሸክላነቱ ይበዛል፤ አንዴ ከተነሳ ውሃው ለቀናት ወተት ያለበት ሻይ ይመስላል። ዳፕ ወይም ዩሪያ ማዳበሪያ የነካው ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ዩሪያ ውሃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ነው የሚቀየረው። ለጀማሪ አልመክረውም።

ጌጡ

ወደምወደው መጣን። ያረጀ ቡና ሲነቀል ጉቶው ከነሥሩ ይጣላል፣ ወይ ማገዶ ይሆናል። ያ ሥር ጠማማ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ቅርንጫፉ በየአቅጣጫው ይሄዳል። በውጭ አገር የቡና ሥር ታጥቦና ተፍቆ ለበቀቀን መቆሚያ በውድ ይሸጣል። እኛ ጋ በነፃ ነው። የሚወሰደው ግን ደርቆ የከረመው ነው። እርጥቡ ይበሰብሳል። ጥፍራችሁን ስታሳርፉበት የሚገባ ከሆነም ተዉት፤ ውስጡ ሄዷል። ፀረ ተባይ የተረጨበት ማሳ ከሆነም እንዲሁ።

ቅርፊቱን በቢላ ልጣችሁ ጨርሱ። በብሩሽ ፈትጉ። በትልቅ ድስት ለአንድ ሁለት ሰዓት ቀቅሉት። ካልገባ የፈላ ውሃ እየደፋችሁበት አገላብጡት። ከዚያ በባልዲ ድንጋይ ጭናችሁበት ዘፍዝፉት። ውሃው ሻይ ይመስላል፤ በየቀኑ ቀይሩት። እስኪሰምጥ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ገንዳ ውስጥ ከገባ በኋላ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ሊለብስ ይችላል። አትደንግጡ። ለዓሣ አይጎዳም፣ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ ከበዛ በብሩሽ ይነሳል። ከወራት በኋላ እንጨቱ ከላላና መሽተት ከጀመረ ግን አውጡት።

ባህር ዛፍና ጥድ አይግቡ፤ ዘይትና ሙጫ አላቸው። ቀርከሃ ቶሎ ይበሰብሳል። በርጩማ ከሚጠርቡ ሰዎች የሚገኝ ቁራጭ ቫርኒሽ ከነካው አይሆንም።

ሸክላም ጥሩ አማራጭ ነው። ቀለም ያልተቀባ የአበባ መትከያ ሸክላ በጎኑ ተኝቶ ግማሹ አሸዋ ውስጥ ሲቀበር ጥሩ ዋሻ ይወጣዋል። አንገቱ የተሰበረ ጀበና ማስገባት የሚያምራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ጅማ ነን። ያገለገለ ጀበና ግን ዓመታት የጠጣው የቡና ዘይት አለው። ጨርሶ ያላገለገለና በዘይት ያልተሟሸ ካገኛችሁ ይሁን። አፉ ዓሣው ገብቶ እንዳይቀረቀር ሰፊ ይሁን፤ የተሰበረውን ጠርዝ በአሸዋ ወረቀት ሞርዱት።

ለፕላስቲክ ጌጥ መፈተኛው የሴት ስቶኪንግ ነው። ጌጡ ላይ አልብሳችሁ ጎትቱት። ከያዘው ወይም ከቀደደው የቤታንና የጎልድፊሽን ክንፍም ይቀድዳል። ስቶኪንጉን ያለፈው ይግባ። ቤታ ላለው ሰው ከፕላስቲክ ይልቅ የጨርቅ ቅጠል ወይም ሕያው እጽዋት ይሻላል። ሳንቲም፣ የመዳብ ሽቦና ማንኛውም ብረት ውጭ ይቅር።

ሕያው እጽዋት ካገኛችሁ አኑቢያስ ለጀማሪ የሚሆን ነው። ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የመጣ ነው፤ ብዙ ብርሃን አይፈልግም። እሱ አፈርም አይፈልግም። ወፍራሙን ግንዱን አሸዋ ውስጥ ከቀበራችሁት ይበሰብሳል። ቡናው ሥር ላይ በክር እሰሩት፣ ራሱ ይይዛል። ቫሊስኔሪያ ግን በአሸዋ ውስጥ ነው የሚተከለው፤ ለሱ ወለሉን ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። ከቦዬ ረግረግ ቅጠል ነቅሎ ማምጣት ቢቀር ይሻላል። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች እንዲህ ባለ ዝግ ባለ ውሃ ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ እንቁላላቸውም ቅጠል ላይ ተለጥፎ ይመጣል።

ስንት ይበቃል፣ እንዴት ይገባል

ስሌቱ ዕዳው ገብስ ነው። ርዝመት ሲባዛ በወርድ ሲባዛ በውፍረት፣ ለ1,000 ሲካፈል ሊትሩ ይወጣል። ለኛ ገንዳ 60 × 30 × 3 ማለት 5.4 ሊትር ነው። አንድ ሊትር አሸዋ 1.6 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን 9 ኪሎ ያህል ትፈልጋላችሁ። 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ወደ 14 ኪሎ ተኩል ይደርሳል። ውሃው፣ መስታወቱና ድንጋዩ ሲደመር ከ70 ኪሎ ያልፋል። ስለዚህ የሳሎኑ የቡና ጠረጴዛ አይችለውም። የብረት ማቆሚያ አሠሩለት፣ ከገንዳው ስር ስስ ስፖንጅ አንጥፉ።

ትልልቁን ድንጋይ ከአሸዋው በፊት አስቀምጡ። አሸዋ ላይ ካስቀመጣችሁት ጎልድፊሽ ወይም ሲክሊድ ከስሩ ሲቆፍር ተንዶ መስታወቱን ሊሰብረው ይችላል። ከዚያ አሸዋው ይግባ፣ ከኋላ ትንሽ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ ብሎ። አሸዋው ላይ ሳህን አስቀምጡና ውሃውን ቀስ እያላችሁ ሳህኑ ላይ አፍስሱት። የቧንቧ ውሃ ከሆነ አስቀድሞ የክሎሪን ማጥፊያ ይግባበት፤ ከሌላችሁ በክፍት ባልዲ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር። ፊልተሩን ውሃው እስኪጠራ አታብሩት። በሁለት ቀን ውስጥ ካልጠራ አሸዋው አልታጠበም ማለት ነው፤ ዓሣው ከመግባቱ በፊት አውጥታችሁ እንደገና እጠቡት።